የለቅሶ ቤታችንን ሎጅ ላደረጋችሁልን ሊቃውንት

ይድረስ፤ ለተከበሩ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ እንዲሁም የመመረቂያ ሥራ ርእስ ለሚያጸድቁ፣ ለሚያፈርሱ፣ እንደገናም ለሚያጸድቁ የኮሚቴ አባላት በሙሉ፣ በያላችሁበት።

እንደ ምን ከርማችኋል? ጤናችሁ፣ ጉልበታችሁ፣ ወንበራችሁስ እንደ ምን ከርሟል? ጾሙን በሰላም ያስፈታችሁ። የደባርቅ ብርድ በማይደርስበት ክፍል ውስጥ እንደምትሰበሰቡ የልጅ ልጄ ነግራኛለችና ስለ ጤናችሁ ብዙ አልሰጋሁም፤ የሆነ ሆኖ እግዚአብሔር ዕድሜያችሁን ከርእስ ዕድሜ ያርዝመው። እናንተ ዘንድ ርእስ ሁለት ወር ከኖረ ሸምግሏል ስለሚባል፣ ይህን ምርቃቴን አቅልላችሁ እንዳታዩብኝ።

እኔ ያርጋል ወልደ ሩፋኤል እባላለሁ። ፊደል አልቆጠርሁም። የምናገረው እኔ ነኝ፤ የሚጽፈው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ፀጋው ነው። ፀጋው ገና ከመጀመሪያው መስመር "አባቴ፣ ትንሽ ለስለስ ብናደርገው" ብሎኝ ነበር። ለስላሳ ከፈለግህ ሱቁ ማዶ ነው፣ አልሁት። ያልሁትን ሊጽፍ፣ ያላልሁትን ላይጨምር ተማምለን ጀምረናል።

እስከዳር የልጄ የዘቢደር ልጅ ናት። እናንተ በቁጥሯ ታውቋት ይሆናል፤ መታወቂያዋ ላይ ከስሟ የሚረዝም ቁጥር አይቻለሁ። ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። እናቷ ዘቢደር አምና በነሐሴ አረፈችብኝ። እኛ ለፓርኩ ሲባል ልቀቁ ተብለን ከላይ ከደጋው ወርደን ከከተማው ዳር ከሰፈርን ወዲህ ቤታችን በተርታ ነው፤ ፊት ለፊቱ መንገድ፣ ጀርባውም መንገድ። ላይ ሳለን የለቅሶ ሜዳ ነበረን፤ እዚህ ሜዳ የሚባል ነገር የለንም። ስለዚህ ልጄን ያለቀስኋት መንገድ ላይ ነው። ዝናቡ እየወረደ፣ ከጃናሞራ በእግሩ የመጣው ለቅሶ ደራሽ ጭቃ ላይ ቆሞ፣ አልቃሿ ፋንታዬ የዘቢደርን ስም አንሥታ ሙሾውን ገና ስትጀምር፣ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ አይሱዙ መጣና ክላክሱን አንባረቀው። አንዴ ብቻ ቢሆን ሾፌሩም መንገደኛ ነው ብዬ ባለፍሁት። እስክንለቅለት ድረስ አላቆመም። ፋንታዬ ሙሾዋን ቆርጣ ዳር ያዘች፤ እኛም ደረታችንን መምታት ትተን ዳር ያዝን። አይሱዙው አለፈ። ከዚያ በኋላ ፋንታዬ ወደ እኔ ዞራ "የት ላይ ነበርን?" አለችኝ። ልጁን በቀበረበት ቀን "የት ላይ ነበርን?" የተባለ አባት እኔ ነኝ።

እስከዳር ያን ዕለት እንባ አልወጣትም። መንገዱን ስታይ ዋለች። ወደ ትምህርቷ ተመልሳ ርእስ ምረጡ በተባሉ ጊዜ ግን "የለቅሶ ቤት" ብላ ጻፈች። ደውላ "አባየ፣ መረጥሁ" ስትለኝ ባል የመረጠች መስሎኝ ደንግጬ ነበር። የመረጠችውን ስሰማ ለእናቷ ከእኔ የተሻለ እንዳለቀሰችላት ገባኝ። እናንተም በኅዳር አጸደቃችሁላት። ለዚህ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና እውነተኛ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጡትን ግን እንደየአመጣጣቸው ተቀበሏቸው።

ካጸደቃችሁላት በኋላ ሜትር ይዛ መጣች። ከሰፈሩ በታች ለዕድሩ የተሰጠ፣ ውሃ ስለሚተኛበት ሌላ ሰው ያልፈለገው ቁራሽ መሬት አለን። እሱን ለካች፤ ችካል ተከለች፤ ሲባጎ ወጠረች። ከሩቅ የመጣው ለቅሶ ደራሽ በየት በኩል ብቅ ይላል፣ አልቃሿ ፊቷን ወዴት ታዞራለች፣ ቤተ ዘመዱ የት ይቀመጣል እያለች ሽማግሌውን ሁሉ ጠየቀች። ወረቀቱ ላይ ያሳየችኝ ነገር ከላይ ሲያዩት ሰፌድ ይመስላል፤ ከዚያ ያለፈ ስለ ሥዕሉ የማውቀው የለም፤ አውቃለሁም አልልም። የዕድራችን ዳኛ ገዱ "ልጄ፣ ሥራው መቼ ይጀመራል?" ቢላት፣ "ኧረ ጋሼ ገዱ፣ ወረቀት ብቻ ነው፤ የሚሠራ ነገር የለም" አለችው።

እዚህ ላይ የአገሬን ሰው ጠባይ አስቀድሜ ላስተዋውቃችሁ። በእኛ አገር መልካም ነገር ያሰበ ሰው አስቤአለሁ አይልም። በሬ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ወዴት ነው ሲሉት "እንዲያው ገበያ ልይ ብዬ ነው" ይላል። ልጁን ሊድር የተስማማ "እስቲ እግዜር ያውቃል" ይላል። ዓይን አለ፣ አፍ አለ። ስለዚህ እስከዳር "ወረቀት ብቻ ነው" ስትል ገዱ ደስ አለው፤ "ይህች ልጅ አስተዳደግ አላት፤ አፏን ጠበቀች" ብሎ በሰንበቴው ላይ አመሰገናት። ደግሞስ ችካል ተተክሎ፣ ሲባጎ ተወጥሮ ለወረቀት ብቻ የሚሆነው የት አገር ነው? እኛ የምናውቀው ችካል ያረፈበት መሬት ወይ ይወሰዳል፣ ወይ ይሠራበታል።

እሷ ወደ እናንተ ስትመለስ ሰዉ አህያውን እየነዳ ወደ ላይ ወጣ። ማንም አላዘዘውም። ትተነው ከመጣነው ከየቤታችን ፍራሽ ድንጋይ እያወረደ ከችካሉ አጠገብ ከመረ። ገዱ አባቱ ያቆመውን ግድግዳ የማዕዘን ድንጋይ አመጣ። ፋንታዬ አህያ ስለሌላት በጀርባዋ አዘለች። እኔም ዘቢደር ከተወለደችበት ቤት አወረድሁ። በታኅሣሥ እስከዳር "አባየ፣ ርእሱ ተቀየረ" ብላ ስትደውልልኝ እንኳ ለገዱ "አሁንም አፏን እየጠበቀች ነው" አልሁት። እሱም "ጎሽ" አለ።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ፀጋው በቁጥር ይሁን ስላለ በቁጥር ነው።

አንደኛ፤ በኅዳር ያጸደቃችሁትን በታኅሣሥ "ስፋቱ ለመመረቂያ አይመጥንም" ብላችሁ ጣላችሁት። ሐዘናችን ትንሽ መሆኑን ከእናንተ በፊት የነገረን ሰው ስላልነበረ እጅግ አድርገን እናመሰግናለን። ወደ ፊት ሰፋ አድርገን ለመሞት እንሞክራለን።

ሁለተኛ፤ ከመካከላችሁ አንድ የተከበሩ መምህር "ሰው በማይሞትበት ጊዜ ቤቱ ምን ይሠራል?" ብለው ጠይቀዋታል። ሰው የማይሞትበት ጊዜ ያለው አገር መኖሩን አላውቅም ነበርና በጥያቄው ተደስቻለሁ። አድራሻውን ቢልኩልን ሰፈሩን ጠቅልለን እንመጣለን። ቤቱ ሥራ ይፈታል የሚለው ስጋት እንቅልፍ ነስቷቸው ከሆነም፣ ተራዬ ስለ ደረሰ የመጀመሪያው ተገልጋይ አድርገው ስሜን ይመዝግቡት፤ በቀጠሮዬ አልቀርም።

ሦስተኛ፤ "ርእሱ ይጨልማል፣ ተስፋ ያለው ነገር አምጪ" ተባለች። ተስፋውንም ራሳችሁ መረጣችሁላት፤ ሎጅ። ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ፈረንጅ ከአልጋው ሳይነሣ ጭላዳ የሚያይበት። ልጅቱ እሺ አለች። ቦታ ስትፈልግ ደግሞ የምታውቀው አፋፍ አንድ ብቻ ነው፤ እኛ የለቀቅነው። እናንተም "ቪው አለው" ብላችሁ ወደዳችሁላት። ስንኖርበት ቪው እንዳለው የነገረን አልነበረም፤ ውርጭ እንዳለው ግን እናውቃለን። ጭላዳ ሊያይ ለመጣ ሰው ሙቅ ክፍል ከነመስኮቱ፣ ልጁን ለቀበረ ሰው ጭቃ ከነአይሱዙው፤ ይህን ያህል አስተካክሎ መፍረድ የተማረ ሰው ብቻ የሚችለው ነው።

ያንን አፋፍ ልትለካ ወጥታ ነው ጉዱን ያየችው። የሰፈሩ ግድግዳ የለም። ቀና ስትል ፋንታዬ ድንጋይ አዝላ ቁልቁል ስትወርድ አገኘቻት። "እሜት ፋንታዬ፣ ግድግዳው ሁሉ የት ሄደ?" አለቻት። ፋንታዬም "ላንቺ ቤት ነው እንጂ የት ይሄዳል፤ ይልቅ ከኋላ ያዝ አርጊልኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ" አለቻት። እስከዳር ከኋላዋ እየደገፈች፣ ድንጋዩን እየያዘች፣ እስከ ታች ድረስ አብራት ወረደች። ክምሩ ዘንድ ሲደርሱ ቁጭ አለች። እኔ ደክሟት ነው አልሁ።

አራተኛ፤ ሎጁን እየሠራች ሳለ "ሎጅ በዛ፤ ግማሹ ተማሪ የሚሠራው ሎጅ ነው" አላችሁ። ሎጅ ያላችሁት እናንተ፣ በዛ ያላችሁትም እናንተ። አሁን ደግሞ ፎቅ ሆነ፤ ያውም ዳባት ላይ። ከታች ሱቅ፣ ከላይ ቢሮ፣ ከቢሮው በላይ ሌላ ቢሮ። የዳባት ሰው እዚያ ላይ ወጥቶ ምን እንደሚያደርግ ብጠይቃት "እኔም አላውቅም አባየ፤ ስፋቱ ግን ይመጥናል" አለችኝ። ያኔ ነው የፈራሁት። የምታውቀውን ትታ የሚመጥነውን መናገር የጀመረች ዕለት።

በዚህ መካከል እኔና ገዱ የለቅሶ ቤቱን እንድትፈቅዱልን ልንለምን ነጭ ጋቢያችንን ለብሰን፣ በአውቶቡስ ተሳፍረን እናንተ ዘንድ መጥተን ነበር። በእኛ ዘንድ የተጣመመ ነገር ሽማግሌ ሲገባበት ይቃናል። ዘበኛው "ለምን ጉዳይ ነው?" ሲል ገዱ "ለሽምግልና" አለ። ዘበኛው የሠርግ መሰለውና "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ የሙሽራው ስም ማን ነው?" አለን። ስንጠብቅ ውለን አንድ ወጣት መምህር ወጡ፤ ሲናገሩ ትሑት ናቸው፣ አልዋሽም። "አባቶቼ፣ ይህ የአካዳሚክ ጉዳይ ነው" አሉን። ገዱ "እሱ ሰውዬ የት ነው የሚገኘው? ከእሱ ጋር እንነጋገር" አላቸው። መምህሩ ሳቁ። እኛ አልሳቅንም፤ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነበርና ሄድን።

አምስተኛውን ፀጋው ልጻፈው ልጻፈው ይለኛል፤ እኔ ግን ምላሴ ይያዛል። ፎቁን ያጸደቁላት አማካሪ ለትምህርት ወደ ውጭ ሄዱ፤ መንገዳቸውን ያቅናላቸው። የተተኩት አዲሱ አማካሪ ሥዕሏን አይተው "ይህ ፎቅ ነፍስ የለውም" አሏት። እውነት ብለዋል። "ከራስሽ ሕይወት የወጣ፣ ከሰፈርሽ ሰው የወጣ፣ አንቺን የነካ ነገር ፈልጊ" አሏት። ልጅቱ ተነሥታ የለቅሶ ቤቱን ነገረቻቸው። ልባቸው ተነካ አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ አሉ። ከዚያም ወረቀት አገላብጠው፣ "ያ በኮሚቴ የወደቀ ርእስ ስለሆነ አይመለስም፤ የሠርግ አዳራሽ ቢሆንስ?" አሏት።

እስከዳር በማግሥቱ ሻንጣዋን ይዛ መጣች።

አሁን ያለንበትን ልንገራችሁ። በመጣች ማታ እስከዳር ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፤ እውነቱን ለዕድሩ የነገርሁት ግን እኔ ነኝ። ቤት እንደማይሠራ፣ ወረቀት ማለት ወረቀት እንደነበረ ቆሜ ተናገርሁ። ገዱ "ታዲያ ወረቀት ብቻ ነው ብላ ለምን አልነገረችንም?" አለ። ነግራችኋለች እኮ፣ አልሁ። "እንዴ! እንደዚያማ የሚባለው ሊሠራ ሲል ነው!" ብሎ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ልክ ነው አለ። እኔም በሆዴ ልክ ነው አልሁ። አንዳንዱ ድንጋዬን ልውሰድ ብሎ ተነሣ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ግን ከእንግዲህ አይታወቅም፤ ወንድማማቾች በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተኳርፈዋል። ፋንታዬም "ለካችን፣ ለካችን፣ እንደ ሬሳ ለሳጥን ለክታን ሄደች" አለች። አልቃሽ ናትና የተናገረችው ሰፈሩን አዳረሰ፤ እስከዳር ከተኛችበት ሆና ሰማችው።

ከዚያ ወዲህ ደጅ አትወጣም። ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው የሚወስደው መንገድ በክምሩ አጠገብ ነው የሚያልፈው። የጾሙ ሰዓት ደርሶ ማዕድ ሲቀርብም ጉርሻ ያህል ቀምሳ ትመለሳለች። ከካርቶን ቆርጣ፣ በሙጫ አጣብቃ የሠራችውን ሎጅ አንድ ጧት እሳት ማያያዣ አደረገችው፤ "ደኅና ይነድዳል አባየ" አለችኝ። የሳቀች መስሏት ነው። በዚህ ሳምንት ደግሞ ከደላላ ጋር በስልክ ስትነጋገር ሰማኋት፤ ቤሩት ስትል፣ ፓስፖርት ስትል። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ ርእሷን ያላስጸደቀች ተማሪ ትሰረዛለች ብላችኋል። ደላላውም የሚፈልጋት በዚያው ሰሞን ነው። እናንተና እሱ የተመካከራችሁ እስኪመስል ድረስ ቀጠሯችሁ ተገጣጥሟል።

ዘቢደርን አፈር ወሰዳት፤ ያ የፈጣሪ ነው፣ አልከራከርም። ይህችን ግን የሚወስድብኝ ማነው? ቆርቆሮ ቤቴ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። እናቷ በሞተች ጊዜ እኔን ያነሣችኝ እሷ ናት፤ እሷን የሚያነሣ ጉልበት እኔ የለኝም። ብመክራት "እሺ አባየ" ትለኛለች፤ ለእናንተም እሺ፣ ለደላላውም እሺ። ይህች ልጅ እሺ ማለትን ከእናንተ ተምራ መጣች፤ እኔ ያሳደግኋት እምቢ የምትል ልጅ ነበረች።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ቤት ሥሩልን አላልሁም። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ አልጠየቅሁም። ገዱን እኔ እችለዋለሁ፤ ድንጋዩንም እኛ እንችለዋለን። የመጀመሪያ ርእሷን መልሱላት። ትሣለውና ፊታችሁ ትቁም። ሥራዋ ደካማ ከሆነ ጣሏት፤ ያለ ርኅራኄ ጣሏት፤ አንድ ቀን ደጃችሁ ብመጣ ውሻ በሉኝ። በራሷ ነገር ትውደቅ። በሰው ሎጅ፣ በሰው ፎቅ፣ በሰው ሠርግ መውደቅ ግን ሰው ይሰብራል።

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከበደለው ሰው ፊት ይንበረከካል። እኔ አልበደልኋችሁም፤ ተበዳዩ እኔ ነኝ። ነገር ግን ድንጋይ እንደሆነ ሞልቶኛል፤ እሸከመዋለሁ። ያርጋል ለሰው ተንበርክኮ አያውቅም፤ ደባርቅን ጠይቁ። ከተንበረከክሁ የምትለውጡት ከሆነ በራችሁ ላይ እንበረከካለሁ፤ ዘበኛው ቦታውን ያሳየኝ።

ውድ ጊዜያችሁን ስለ ወሰድሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እናንተም የወሰዳችሁብኝን በጸጋ እንደምታስቡልኝ ተስፋ በማድረግ፣ ወንበራችሁ እንዳይነቃነቅ፣ ማኅተማችሁ እንዳይደርቅ፣ ልጆቻችሁም የመረጡት ነገር ሁሉ ስፋቱ የሚመጥን እንዲሆንላቸው እየለመንሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ የምነሣ፣

ሥነ ሕንፃ የማያውቀው፣ ከለቅሶ ወደ ሎጅ፣ ከሎጅ ወደ ፎቅ፣ ከፎቅ ወደ ሠርግ ስታዛውሩት የከረማችሁት፣

ያርጋል ወልደ ሩፋኤል
ደባርቅ፣ ከከተማው ዳር
(በአውራ ጣቴ አትሜበታለሁ)

ሳልነግራችሁ የረሳሁት፤ ይህ ደብዳቤ በግቢያችሁ በር ላይ ይለጠፋል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላም በደጀ ሰላም ይነበባል። ደባርቅ ሁሉ ሲሰማው እሷ ግን ቤት ዘግታ ስለ ተኛች አትሰማውም፤ ሰዉም እንዳይነግራት ቃል አስገብቼዋለሁ፤ ብትሰማ "አዋረድኸኝ" ትለኛለችና። ስለዚህ ርእሷን የምትመልሱላት እንደሆነ፣ ያርጋል ለምኖን ነው አትበሏት። ራሳችን አስበን፣ ራሳችን ተመካክረን የደረስንበት ሐሳብ ነው በሏት። የሰው ሐሳብ የራስ ማድረግ ለእናንተ አዲስ ሥራ አይሆንባችሁም ብዬ ነው።

ያ. ወ.